ዜሮዎቹም ይጻፉ

ሃርሊንገን፣ ወደቡ ዳር፣ ከአሣ ጨረታው ቤት በላይ
ጠባብ ክፍል አለች፣ መስኮቷ ወደ ባሕሩ የሚያይ።
ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን፤ ሰባት ዳኛ፣ አንድ ጠረጴዛ፤
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ብዙ የምጽፍ፣ አፍ የማላበዛ።

ገንዘቡ ከየት ነው? ቢሉ፣ መነሻው አንድ ጀልባ ነበር፤
ባሕሩ የወይዘሮ የልትየን ባል ወስዶ ጀልባውን መለሰ ለወደብ ዳር።
አርባ ዓመት ቀለም ቀባችው፣ አንድ ቀንም ሳትሳፈር፤
በኑዛዜዋ አለች፦ «ሽጡት፤ ዋናው ይቀመጥ፣ ወለዱን ይብላው ሰፈር።»
በላዩ ላይ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ
ከየኪሳቸው ጨመሩ፤ አምስትም ይሁን ሃምሳ፣ ሳይባባሉ ዳተኛ።
«ይሄ እድር ነው» ብላቸው ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።
«የኛስ» አለ ሊቀመንበሩ ዊብረን፣ «ድንኳኑ ለቁም ሰው ነው።»

ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ማመልከቻ፤ ጥያቄው ስድሳ ሺህ ዩሮ፤
በካዝናው ያለው አሥራ ስምንት ሺህ፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ።
የገዛ ስማቸውን ለረሱ አረጋውያን መዘምራን አንድ ፒያኖ፤
ቢስክሌት ለሚማሩ እናቶች የራስ ቁር፣ ቁጥሩ ሃያ ሆኖ፤
የሌሊት ወፍ ለሚቆጥሩ ልጆች ባትሪ፣ የማስታወሻ ደብተር፤
ለሁሉም «ይገባል» እንላለን፤ «ይገባል» ግን አይመነዘር።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያለው አዋቂ
አላየም አሥራ ስምንት ሎሚ፣ ሠላሳ አንድ ጠያቂ።

ከሁሉ ኋላ አንዲት ደብዳቤ ወጣች፣ ዝናብ የነካት፣ በእጅ የተጻፈች፦

«እኔ ዱርክ ነኝ፤ መረብ ጠጋኝ ነበርኩ።
እሑድ ማታ የመጨረሻው ጀልባ ከደሴቱ ሲመለስ
ሁሉ ቤት ዝግ ነው።
ከሚወርደው ሰው አንዳንዱ መሄጃ የለውም።
የድሮው መጋዘን ቁልፍ እኔ ዘንድ አለ።
ለምድጃ፣ ለአንድ መብራትና ለሻይ ማንቆርቆሪያ
ሦስት መቶ አርባ ዩሮ ብትሰጡኝ እከፍታለሁ።»

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ተጠቃሚው ስንት ነው? ውጤቱስ በምን ይለካል?»
ዱርክ ከሥሩ መለሰ፦ «አንድ። አንዳንድ እሑድ ማንም። እሱም ያው ይቆጠራል።»

ጥርስ ሐኪሟ ሲትስከ መነጽሯን አወለቀች፦ «ማንም? ይሄ ምን ውጤት ነው?
በዚሁ ገንዘብ ስምንት የራስ ቁር ይገዛል፤ ራስ ደግሞ ራስ ነው።»
አልተሳሳተችም። ጻፍኩት።
ውጪ ነፋሱ የጀልባ ገመድ በብረት ላይ ይደበድባል።
ዳቦ ጋጋሪው ጥፍሩ ሥር የቀረውን ሊጥ ይመለከታል።
ዊብረን ቆይቶ፦ «የልትየ አርባ ዓመት የመስኮቷን መብራት አላጠፋችም፤
በዚያ መብራት ስንት ሰው ገባ ብሎ የጠየቃት የለም።»

እጅ ወጣ። አራት ለሦስት።
ከፒያኖው ላይ ሦስት መቶ አርባ ቀነስን፤
መዘምራኑ አንድ ክረምት በአሮጌው ይዘምሩ ተባለ፤
ይህንንም ጻፍኩት፤ ብዕሬ ግን ትንሽ ዘገየች።

በዓመቱ ሪፖርት መጣ። የሌሎቹ ባለ ቀለም፣ ባለ ፎቶ፤
የዱርክ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ገጽ፣ በእርሳስ ተሞልቶ፦

እሑድ፦ ሦስት ሰው።
እሑድ፦ አንድ። ካፖርቷ ረጥቦ ነበር፤ ሳትናገር ሄደች።
እሑድ፦ ዜሮ። መብራቱ በርቷል።
እሑድ፦ ሰባት። ጀልባው ዘገየ፤ ስኳር አለቀ።
እሑድ፦ ዜሮ። መብራቱ በርቷል።
እሑድ፦ ዜሮ። መብራቱ በርቷል።
እሑድ፦ አንድ። ያቺው ናት። ስኳር ይዛ መጣች።

ሲትስከ ገጹን ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ
«ዜሮዎቹንም ጻፊ» አለችኝ፤ «አንድም ሳይቀር፣ በየተራ።»